ሮበርት የተባለችው ወይዘሮ

ሴፕቴምበር 14 ቀን 1818 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ማሳቹሴትስ ውስጥ አንዲት የ57 ዓመት ወይዘሮ ዳኛ ፊት ቆማ ትምላለች። የገበሬ ሚስት ናት። ሦስት ልጆች ወልዳለች፣ እናቷ የሞተችባትን የሰው ልጅም ጨምራ አሳድጋለች። ቃሏ አጭር ነው። ሮበርት ሸርትሊፍ በሚል ስም ተራ ወታደር ሆኜ ተቀጥሬአለሁ ትላለች። በሻምበል ጆርጅ ዌብ ሥር አገልግያለሁ። የእንግሊዙ ጄኔራል ሎርድ ኮርንዋሊስ ሲማረክ እዚያው ነበርኩ። ታሪታውን ላይ ቆስያለሁ። በክብር ስሰናበት የተሰጠኝ ወረቀት ጠፍቶብኛል። ኑሮዬ ዝቅ ብሏልና የሀገሬ እርዳታ ያስፈልገኛል።

ጸሐፊው የሰማውን ጻፈ፣ ወረቀቱም ወደ ዋሽንግተን ሄደ። ዛሬም እዚያው፣ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ኤስ 32722 በሚል ቁጥር ይገኛል። ወይዘሮዋ ዲቦራ ሳምፕሰን ጋኔት ትባላለች። የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ዘማቾችን ሕይወትና ቤተሰብ ለመከታተል የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጎትተው እንዲህ ያለውን ዶሴ ነው። የጡረታ ዶሴ።

«ጡረታ» የሚለው ቃላችን እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ነገሩን ይገልጸዋል። ሥሩ «ጦረ» ነው፤ ልጅ ያረጁ ወላጆቹን ሲያበላ፣ ሲያለብስ። ጧሪ ያጣ ሽማግሌ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ አይነገርም። የአሜሪካ ኮንግረስ ማርች 18 ቀን 1818 ያወጣው ሕግ በመሠረቱ ይህንኑ ጧሪነት መንግሥት እንዲረከብ የሚያደርግ ነበር። በመደበኛው ጦር ቢያንስ ዘጠኝ ወር ወይም ጦርነቱ እስኪያበቃ ያገለገለና የተቸገረ ሰው፣ ተራ ወታደር ከሆነ በወር 8 ዶላር፣ መኮንን ከሆነ 20 ዶላር ያገኛል። ከዚያ በፊት ጡረታ የነበረው በአብዛኛው ለአካል ጉዳተኞች ነበር።

ችግሩ የተቸገሩት ብዙ ሆኑ። ከተገመተው በላይ አመልካች ጎረፈ፣ ከችግረኞቹ መካከልም ያልተቸገሩ አሉ ተባለ። ስለዚህ በ1820 ኮንግረስ ሌላ ሕግ ጨመረ፤ እያንዳንዱ ጡረተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያለውን ንብረት ሁሉ በመሐላ ያስመዝግብ አለ። የመኝታና የሰውነት ልብስ ሲቀር ድስቱ፣ ወንበሩ፣ መጥረቢያው፣ ያለበት ዕዳ ሁሉ ይጻፍ። አብሮት የሚኖረው ማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው? ሠርቶ መብላት ይችላል? በአሥራ አምስት ዓመቱ የዘመተው ጆሴፍ ፕላም ማርቲን፣ በኋላ ስለ ተራ ወታደር ኑሮ ከተጻፉት ሁሉ የታወቀውን ማስታወሻ ያሳተመው ሰው፣ በሜይን ቀርቦ ያስመዘገበው ሁለት ላም፣ ስድስት በግና አንድ ዓሣማ ነበር። የታመመች ሚስቱና ልጆቹም በዚያው ወረቀት ላይ ሰፍረዋል።

ዛሬ የዘር ሐረግ ተመራማሪዎች በእነዚህ ዶሴዎች የሚደሰቱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ደስታው ግን ትንሽ ያሳፍራል። ሀብታሙ ዘማች ለማንም ድስቱን አልቆጠረም፤ ሚስቱ ቁርጥማት እንዳለባትም ለዳኛ አልተናገረም። ቤተሰቡን ዛሬ በስምና በዕድሜ የምናውቀው የደሃውን ነው፤ የምናውቀውም ደህይቻለሁ ብሎ በአደባባይ ስለማለ ነው።

ሕጉ ማስረጃ የጠየቀው ደግሞ ማስረጃው በተቃጠለበት ሀገር ነው። ኖቬምበር 8 ቀን 1800 የጦር ሚኒስቴሩ ቢሮ በእሳት ወደመ። በ1814 እንግሊዞች ዋሽንግተንን ሲያቃጥሉ ሌላም ወረቀት ተከተለ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በቃላቸው መሰከሩ። የሻምበላቸውን ስም፣ የተሻገሩትን ወንዝ፣ የጎናቸው ሰው የወደቀበትን ሜዳ ተናገሩ፤ በሕይወት ያለ ጓድ ከተገኘም ጠርተው አስመሰከሩ። በ1836 የመበለቶች ሕግ ሲወጣ ጋብቻ መረጋገጥ ነበረበትና፣ ሴቶቹ የጋብቻና የልደት ቀን የተጻፈባቸውን የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ገጾች እየቀደዱ በፖስታ ላኩ። ገጾቹ አልተመለሱም። ከ80 ሺህ ያህሉ ዶሴዎች መካከል እስከ ዛሬ ታጥፈው ተቀምጠዋል።

ፊደሎቹን መለየት የመጀመሪያው ትምህርት ነው። «ኤስ» ዘማቹ ራሱ የተጦረበት ነው። «ደብሊው» የመበለት ነው። «አር» ማለት ተቀባይነት ያጣ። አር 4197 የጂሁ ግራንት ነው። በሮድ አይላንድ ባሪያ ነበር። ጌታው ለእንግሊዝ ያደረ ስለነበር ወደ እንግሊዝ መርከቦች እንዳይልከኝ ብሎ ፈርቶ በ1777 አመለጠና የአሜሪካን ጦር ተቀላቀለ፤ አሥር ወር ያህል ካገለገለ በኋላ ጌታው መጥቶ ወሰደው። በ1832 ሸምግሎ ሲያመለክት፣ በዘመተበት ጊዜ ኮብላይ ባሪያ ነበርክ ተብሎ ተከለከለ። ዓይኑ ጠፍቶ ሳለ እንደገና አስጽፎ ለመነ። አልሰሙትም። እንግዲህ ጧሪው መንግሥት ዳኛም ነበር።

ወደ ዲቦራ ልመለስ። የእሷን ዶሴ የመረጥኩት «አር» ሊሆን የሚገባው ይመስል የነበረ «ኤስ» ስለሆነ ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ ያስቸግራል። እንግሊዝኛው «ተመዘገበ» እና «ተመዘገበች»ን በአንድ ቃል ሲያልፍ እኛ ግሱ ላይ እንያዛለን። በስም መቆጣጠሪያው ላይ ሮበርት ሸርትሊፍ ወንድ ነው፤ ተመዘገበ፣ ዘመተ፣ ተሰናበተ። እኔ ግን «ዘመተች» እላለሁ፤ ምስጢሩም በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይወጣል። ጓደኞቿ ግን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ግሱን ሲሳሳቱ ኖረዋል።

የተወለደችው ዲሴምበር 17 ቀን 1760 በፕሊምፕተን ነው። በእናቷ በኩል የፕሊመዝ ሰፋሪዎች ገዥ የነበረው የዊልያም ብራድፎርድ ዘር ናት። ዘሩ ትልቅ፣ ቤቱ ባዶ። አባቷ ጆናታን ባሕር ላይ ጠፋ ተብሎ ተነገራቸው፤ እናትየው ልጆቿን ማሳደግ አቅቷት በየዘመዱ በተነቻቸው። የሜይን መዛግብት ግን ሌላ ይላሉ። ሰውየው አልሰጠመም፤ ወደ ሰሜን ሄዶ ከሌላ ሴት ጋር ቤት መሥርቶ ኖሯል። የቤተሰብ ታሪክ ፈላጊዎች ደጋግመው የሚያገኙት ነገር ነው፤ ባሕር የበላው አባት ጥቂት ወረዳዎች አልፎ መሬት ሲገዛ ይታያል።

ዲቦራ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናት በሚድልቦሮ፣ በዲያቆን ጀርማያ ቶማስ ቤት በውል አገልጋይነት ተቀጠረች፤ እስከ 18 ዓመቷ። ወንዶች ልጆች የሞሉበት ቤት ነበር። ፊደልና ቁጥር ከእነሱ ለቀመች፤ የእርሻውንም ሥራ ለመደች። ነጻ ስትወጣ ሁለት በጋ ልጆች አስተማረች፣ በሌላው ጊዜ ሸመነች። እኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ እሷ ግን ከቤት ቤት እየዞረች በሰው ሸማ ዕቃ ላይ ተቀምጣ ትሠራ ነበር። ያላገባች፣ መሬት የሌላት፣ በአካባቢዋ ካሉት ሴቶች በቁመት የምትበልጥ ሴት።

በ1782 መጀመሪያ ላይ የወንድ ልብስ ለብሳ ቲሞቲ ቴየር በሚል ስም ተመዘገበች፤ የቅጥር ጉርሻውን ተቀበለች፤ ተነቃባትና ቀረች። ይህን ታሪክ ለረጅም ጊዜ ተረት ነው ብሎ ለማለፍ የሚፈልግ ነበር። በ2019 ግን በፊላደልፊያ የሚገኘው የአሜሪካ አብዮት ሙዚየም የአንድ የሚድልቦሮ ወታደር፣ የአብነር ዌስተን፣ የዕለት ማስታወሻ እጁ ገባ። ዌስተን በጃንዋሪ 1782 በሰፈራቸው የተፈጠረውን ጉድ ጽፏል፤ አንዲት ሴት ወንድ መስላ ጉርሻ ተቀብላለች ይላል። ሌላው ምስክር ቤተ ክርስቲያኗ ናት። የሚድልቦሮ መጀመሪያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በሴፕቴምበር 1782 የወንድ ልብስ ለብሳ በወታደርነት ተመዝግባለች ተብላ መከሰሷን ጽፎ ከኅብረቱ አግልሏታል። ምእመናኑ ሲያወግዟት እሷ ኒው ዮርክ ውስጥ ጠመንጃ ተሸክማ ነበር። መጽሐፈ መሳፍንትን የሚያነቡ ሰዎች ዲቦራ የምትባል ሴትን ስለ ዘመተች ማግለላቸው ያስገርመኛል።

ሁለተኛው ሙከራዋ የተሳካው ሰው በማያውቃት አካባቢ ነው። በሜይ 1782 ለአክስብሪጅ ከተማ ኮታ ተመዘገበች፤ ገንዘቡን ስትቀበል የፈረመችበት ወረቀት አለ። የስሙ አጻጻፍ ግን ከወረቀት ወረቀት ይለያያል፤ አንዱ «ሸርትሊፍ»፣ ሌላው «ሹርትሌፍ» ይላል። «ኃይሉ»ን በስንት ዓይነት «ሀ» እንደምንጽፍ የሚያውቅ አንባቢ አይደነቅም፤ መዝገብ ውስጥ ቅድመ አያቱን ሲፈልግ ያጣ ሰውም ብዙ ጊዜ ያጣው በፊደል ነው።

በአራተኛው የማሳቹሴትስ ክፍለ ጦር፣ ፈጣን እንዲሆን በተመረጠው ቀላል እግረኛ ውስጥ ገባች። ዋናው ውጊያ አልቋል፤ ኮርንዋሊስ በዮርክታውን እጁን ከሰጠ ሰባት ወር ሆኖታል። በኒው ዮርክ ከተማ ከመሸገው የእንግሊዝ ጦርና በሰሜን ካለው የአሜሪካ ምሽግ መካከል ባለው ዌስትቸስተር ግን የሽፍታና የቅኝት ውጊያ ነበር፤ ገበሬው ከሁለቱም ወገን ይዘረፋል። ታሪታውን አጠገብ የቆሰለችው እዚያ ነው። ሐኪም ጭኗን እንዳያይ አንዱን ጥይት በራሷ እጅ አወጣች የሚለውን የምናገኘው በ1797 ሕይወቷን ካሳተመው ከኸርማን ማን ነው፤ እሱ ደግሞ እውነቱን ማስጌጥ የሚወድ ሰው ስለነበር በጥንቃቄ እጠቅሰዋለሁ። ጢም አለማብቀሏ ያስተረባት ነበር ይባላል። ጢም ያላበቀለ ልጅ ግን በዚያ ጦር ውስጥ ሞልቶ ነበር። በኋላ የጄኔራል ጆን ፓተርሰን አስተናጋጅ ሆነች።

የተጋለጠችው በጥይት ሳይሆን በትኩሳት ነው። በ1783 በጋ ፊላደልፊያ ውስጥ ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች። ዶክተር ባርናባስ ቢኒ ልቧን ሊያዳምጥ ደረቷን ሲፈታ ጡቷን ያሰረችበትን ጨርቅ አገኘ። አላወራባትም፤ ለበላዮቿ በጸጥታ አስታወቀ። በኦክቶበር 1783 ዌስት ፖይንት ላይ በጄኔራል ሄንሪ ኖክስ ፊርማ በክብር ተሰናበተች። አልተገረፈችም፣ አልታሰረችም።

ኤፕሪል 7 ቀን 1785 ቤንጃሚን ጋኔትን አገባች። ኧርል፣ ሜሪና ፔሸንስ ተወለዱ፤ ሱዛና የምትባል እናቷ የሞተችባት ሕፃንም ተጨመረች። ኑሯቸው ሻሮን ውስጥ፣ በደከመ መሬት ላይ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ሕይወቷ በማመልከቻ የተጻፈ ነው።

በ1792 ያልተከፈለኝ ደመወዝ ይሰጠኝ ብላ ለማሳቹሴትስ አመለከተች። 34 ፓውንድ ከነወለዱ ተፈቀደላት፤ ውሳኔው ላይ የፈረሙት አገረ ገዥው ጆን ሃንኮክ ናቸው። በዚህ ማመልከቻ ውስጥ የተመዘገብኩት ሜይ 20 ቀን 1782 ነው ትላለች። አንባቢ ይህን ቀን ይያዝልኝ።

በ1797 ኮንግረስን ጠየቀች፤ አልተሳካም። በዚያው ዓመት የኸርማን ማን መጽሐፍ ወጣ። በመጽሐፉ ውስጥ ዲቦራ ዮርክታውን ላይ ትዋጋለች። በማርች 1802 ደግሞ ቦስተን በሚገኘው የፌዴራል ጎዳና ቲያትር መድረክ ላይ ቆመች። መጀመሪያ በቀሚስ ሆና ንግግር አሰማች፣ ቀጥላ የወታደር ልብስ ለብሳ ወጣችና የጠመንጃ አያያዝ ሥርዓቱን አንድ በአንድ አሳየች። ከዚያ ኸርማን ማን የጻፈላትን ንግግር ይዛ በማሳቹሴትስ፣ በሮድ አይላንድና በኒው ዮርክ ከተሞች ዞረች። ባልና ልጆች ቤት ቀርተዋል። በጉዞ ላይ የያዘችው ማስታወሻ አለ፤ አብዛኛው የአዳሪ ቤትና የመድረክ ወጪ ሒሳብ ነው።

ጎረቤቷ ፖል ሪቪር ነበሩ፤ እኚያ በ1775 በፈረስ ጋልበው የእንግሊዝን መምጣት ያሳወቁት አንጥረኛ። በካንተን የመዳብ ፋብሪካ ነበራቸው። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1804 ለኮንግረስ አባሉ ለዊልያም ዩስቲስ ጻፉላት። በደብዳቤያቸው ያልደበቁት ነገር አለ። ወንዳወንድ፣ ረጅም፣ ያልተማረች ሴት አገኛለሁ ብለው ነበር የሄዱት፤ ያገኙት ግን ጨዋታ አዋቂና ለስላሳ ወይዘሮ። ባሏን ጥሩ ሰው ነው፣ ለሥራ ግን ጉልበት የለውም ይሉታል። ጤናዋም ከውትድርናው ወዲህ ተጎድቷል ሲሉ ይጨምራሉ። ደብዳቤው ሠራ፤ በማርች 1805 በአካል ጉዳተኞች መዝገብ ላይ ገባች፣ በወር 4 ዶላር። በዓመቱ ለሪቪር ጻፈች፤ ታምሜአለሁ፣ ልጄም ታሟል፣ 10 ዶላር ያበድሩኝ።

እንግዲህ ወደ 1818ቱ መሐላ። በዚያ ቀን የተመዘገብኩት በኤፕሪል 1781 ነው አለች። በ1792 ግን ሜይ 1782 ብላ ነበር። የወታደር መዝገቦቹ ከ1792ቱ ጋር ይስማማሉ፤ ስለዚህ ኮርንዋሊስ ሲማረክ እሷ ገና ሚድልቦሮ ውስጥ ሸማኔ ነበረች።

ለምን? ቀላሉ መልስ ለገንዘብ የሚለው ነው፤ እኔ ግን አያሳምነኝም። ሕጉ የጠየቀው ዘጠኝ ወር ነው፤ እሷ 17 ወር አገልግላለች። ዮርክታውን ሳንቲም አልጨመረላትም። ይልቅ በመካከል ያለው መጽሐፍና መድረክ ይታየኛል። አንድ ሰው ታሪኩን ሌላ ሰው በጻፈለት መልክ ከከተማ ከተማ እየዞረ ካወራው በኋላ ዳኛ ፊት ሲቆም የትኛው ወደ አፉ ይመጣል? ደግሞ በ1818 ዮርክታውን ሁሉም የሚያውቀው ስም ነበር፤ በታሪታውን ጫካ ስለተደረገ የቅኝት ተኩስ ግን የሚጠይቅ አልነበረም። ቁስሉ እውነት ነበር፤ እውነቱ ግን ታዋቂ አልነበረም። የዘር ሐረግ ጸሐፊዎች በሺህ የሚቆጠሩ ቃለ መሐላዎች ውስጥ እንዲህ ያለ መንሸራተት ያገኛሉ፤ ከአርባ ዓመት በኋላ የሚያስታውስ ሽማግሌ ጦርነቱን ሁሉ ወደ ትልቁ ቀን ይጎትተዋል። ዶሴውን ከዕለቱ መዝገብ ጋር አስተያይቶ ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

8 ዶላሩ ተፈቀደ። ልጇ ኧርል በሻሮን የሠራው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ዛሬም ቆሟል፤ የመጨረሻ ዓመቶቿን ያሳለፈችው እዚያ ነው። ኤፕሪል 29 ቀን 1827 ሞተች።

ዶሴው ግን አልተዘጋም። ቤንጃሚን አርጅቶና ደህይቶ ወደ ኮንግረስ ጻፈ፤ ሚስቴ ቆስላ ስትማቅቅ ያስታመምኳት እኔ ነኝ አለ። የ1836ቱ ሕግ የዘማች መበለትን ይጦራል፤ የዘማች ባል የሚል ግን በየትኛውም አንቀጽ የለም። ሌላም እንቅፋት ነበር፤ ሕጉ ጋብቻው ከአገልግሎቱ በፊት ወይም በአገልግሎቱ ጊዜ እንዲሆን ይጠይቃል፣ እነሱ የተጋቡት ግን እሷ ከተሰናበተች በኋላ ነው። የኮንግረስ ኮሚቴ ጉዳዩን አየና በአብዮቱ ታሪክ ይህን የመሰለ የሴት ጀግንነት የለም ብሎ በዓመት 80 ዶላር እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረበ። ሪፖርቱ የወጣው በጃንዋሪ 1837 መጨረሻ ነው። ቤንጃሚን የሞተው ጃንዋሪ 9 ቀን ነበር።

በጁላይ 1838 በወጣ ልዩ ሕግ ከማርች 4 ቀን 1831 እስከ ሞቱ የተሰላ 466 ዶላር ከ66 ሳንቲም ለልጆቹ ተከፈለ። በዚህ ሕግ ምክንያት የቤተሰቡ ዝርዝር በመንግሥት ወረቀት ላይ ተሟልቷል፤ ኧርል ጋኔት፣ ሜሪ ጊልበርት፣ ፔሸንስ ጌይ። ልጆቿን በባሎቻቸው ስም ፈልጎ ማግኘት የተቻለው ክፍያው ስለዘገየ ነው።

የመበለቶቹ ሕግ ከዚያ በኋላም እየላላ ሄደ፤ በመጨረሻ የጋብቻ ቀን ገደቡ ጨርሶ ተነሳ። ለዚህ ነው የመጨረሻዋ የነጻነት ጦርነት ዘማች መበለት እስቴር ዴመን፣ በ21 ዓመቷ የ75 ዓመት ሽማግሌ አግብታ የነበረችው የቬርሞንት ሴት፣ እስከ 1906 ድረስ ጡረታ ስትቀበል የኖረችው። ጦርነቱ ካበቃ 123 ዓመት ሆኖታል።

ማሳቹሴትስ በ1983 ዲቦራን የግዛቲቱ ይፋ ጀግና አድርጋ አወጀች፤ በሻሮን ከተማም ሐውልት ቆሞላታል። መቃብሯ በዚያችው ከተማ በሮክ ሪጅ ነው። ድንጋዩ ከፊት ለፊት የቤንጃሚን ጋኔት ሚስት ይላታል። በስተጀርባው ደግሞ ሌላ ጽሑፍ አለ፤ ዲቦራ ሳምፕሰን ጋኔት፣ ሮበርት ሸርትሊፍ፣ ሴቷ ወታደር። ከሥሩ የአገልግሎት ዘመኗ ተቀርጿል፤ ከ1781 እስከ 1783።